ድንጋይ ያሸከሙት ባለቅኔ

በእኛ ጊዜ፣ በደርግ ማለቴ ነው፣ የሂሳብ አስተማሪ ከህንድ ይመጣልን ነበር። አትሳቁ፣ እዚሁ ንፋስ መውጫ ነው የምላችሁ። እኔ አማርኛ አስተምራለሁ፣ እሱ ሂሳብ፣ የምንኖረው አንድ ግቢ። ብርዱ አላስቀምጥ ብሎት፣ ጋቢ ተከናንቦ፣ ወንዱን ሴት ሴቷን ወንድ እያደረገ ያጫውተኛል። ያገሩ ቋንቋ ቴሉጉ ይባላል፣ እና የአንድ የጥንት ባለቅኔያቸውን ነገር አውርቶ አይጠግብም።

«መምህር፣ ንጉሥ እሱን በጣም ወደደች። ወርቅ ራሱ ላይ አፈሰሰች፣ እንደ ውሃ፣ አጠበች» ይለኛል። ታዲያ ንጉሡ ሞተ፣ መንግሥቱም ፈረሰ፣ ባለቅኔው ያን ሁሉ መጽሐፍ ጽፎ ጽፎ በስተርጅናው እርሻ ገባ፣ ወንዝ ሞልቶ አዝመራውን ጠረገበት፣ የሚከፍለው ግብር አጣ፣ እና አዲሶቹ ሹሞች ምን ቢያደርጉት ጥሩ ነው፣ ድንጋይ ትከሻው ላይ ጭነው ፀሐይ ላይ አቆሙት። ህንዱ እዚህ ሲደርስ ጋቢውን ይከናነባል። እኔም የኔታ ትዝ ይሉኛል።

የኔታ ቅኔ ያስተማሩኝ ሰው ናቸው። ያገራችን ገዢ የነበሩት የደጃዝማቹ ባለቅኔ ነበሩ፤ ግብር ሲበላ እሳቸው ሳይቀኙ ማንም ከአዳራሹ አይወጣም ነበር። ደጃዝማቹ ተገደሉ፣ የኔታ ቀሩ፣ እና ገበሬ ማኅበሩ «የፊውዳል አዝማሪ» ብሎ በሰባ ዓመታቸው የእርከን ድንጋይ አሸከማቸው። የኔታን አዝማሪ፣ ይታያችሁ።

ታዲያ ይጽናኑ ብዬ የህንዱን ጨዋታ ነገርኳቸው። ምነው አፌን በቆረጠው።

«ድንጋዩን ተሸክሞም ተቀኘ?» አሉኝ።

«ተቀኘ ይላል፣ የኔታ።»

«ታዲያ እኔ ምን ሆኜ ዝም አልኩ?»

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቅኔ ማሕሌቱ ውስጥ የዚያን የህንድ ባለቅኔ ነገር ተቀኙ። ድምፃቸው ደክሟል፤ እሳቸው በጆሮዬ ይነግሩኛል፣ እኔ ተቀባይ ነኝ፣ ተቀብዬ ከፍ አድርጌ በዜማ እለዋለሁ። ግዕዙ ሲፈታ «ወርቅ ያፈሰሰው እጅ አለፈ፣ ድንጋይ የጫነውም እጅ ያልፋል» ነው። ካህናቱ አንገታቸውን ደፉ።

ማክሰኞ ካድሬው አስጠራኝ። ግዕዝ የት ያውቃል፣ ሰው ፈትቶለታል።

«ጓድ መምህር፣ ያን ግጥም ያልከው አንተ ነህ?»

የሰማው ሁሉ የእኔን ድምፅ ነው። አዎ ብል የመንግሥት አስተማሪ ነኝ፣ ቢበዛ ገሥጸው ራቅ ወዳለችው ወገዳ ቢያዛውሩኝ ነው። ግን በእኛ በቅኔው ትምህርት የሌላውን ቅኔ የኔ ነው ከማለት የባሰ ነውር የለም፣ ሌብነት ነው፣ ከጉባኤ ያስባርራል።

«የየኔታ ነው፣ እኔ ተቀባይ ነኝ» አልኩት።

«አዝማሪው?» አለና ሳቀ፣ ጻፈ።

በማግስቱ ወሰዷቸው። በትምህርት ቤቱ በር ሲያሳልፏቸው ወጥቼ ቆምኩ፣ አዩኝ፣ እና «ደግ አደረግህ ልጄ፣ የሰው ቅኔ አልወሰድክም» አሉኝ። ከልባቸው ይሁን እያቃጠሉኝ እስከዛሬ አላውቅም። ደብረ ታቦር እስር ቤት አስገቧቸው ተባለ፣ በዚያው ቀሩ፣ ሬሳቸውንም ያገኘ የለም። ሞት ይርሳኝ፣ ህንዱን ረሳሁት። «ሽማግሌ የት ሄደች?» ብሎ ጠየቀኝ፣ ነገርኩት፣ ከዚያ ወዲያ የባለቅኔውን ነገር አንስቶብኝ አያውቅም።

«ታዲያ አባባ፣ ደንቡን ጠብቀው ነዋ፣ ምን ያድርጉ?»

አንተም እንዲህ አልከኝ፣ ሰው ሁሉ የሚለኝ ይህንኑ ነው። ደብሩም ያከብረኛል፣ «ለቅኔ የታመነ» እያሉ ከፊት ያስቀምጡኛል፣ እቀመጣለሁ። ግን ስማኝማ ልጄ፣ ደንቡ ትዝ ያለኝ ከካድሬው ቢሮ ከወጣሁ በኋላ ነው። እፊቱ ቆሜ ሳለሁማ ፈርቼ ነው።