የጳጉሜ ልጅ ማመልከቻ

ከባቡሩ ምኒልክ አደባባይ የወረድኩት የቆመች ሰዓቴን ለማሠራት እንጂ ከሰው ጋር ለመጣላት አልነበረም። ሠላሳ አንድ ዓመት ሒሳብ አስተምሬ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ እንዳልናገር ሐኪሙም ልጆቼም መክረውኛል። እስከዚያ ቀን ድረስ ምክራቸውን ጠብቄ ነበር።

ሰዓት ሠሪው አቶ ዘይኑዲን የድሮ ሱቃቸው ከፈረሰ በኋላ ከአንድ ፎቅ ደረጃ ሥር ጠባብ ቦታ ይዘዋል። እዚያ ሳልደርስ መንገድ ላይ ተገጣጠምን። በእጃቸው አንድ ሉክ ወረቀት ይዘዋል።

«መምህርት ጽጌ! አላህ ነው ያመጣዎት» አሉኝ። «ማመልከቻ የሚጽፍልኝ ሰው ፍለጋ መውጣቴ ነበር። ከእርስዎ የተሻለ ከየት አገኛለሁ?»

«የምን ማመልከቻ ነው?»

«የነሲባ ነው። ኮምፒዩተሩን ትታ ወደ አካውንቲንግ እንድትዛወር። ዛሬ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ካልገባ ዘንድሮ አይቀበሉም።»

ነሲባ የመጨረሻ ልጃቸው ናት። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ያስተማርኳት እኔ ነኝ። አንዱን ጥያቄ በእኔ መንገድ ከሠራች በኋላ፣ ክፍሉ ሲበተን ጠረጴዛዬ ድረስ መጥታ «በዚህ በኩልም ይመጣል» እያለች ሌላ መንገድ የምታሳየኝ ልጅ ነበረች። አሁን በዩኒቨርሲቲ የኮምፒዩተር ሳይንስ ሦስተኛ ዓመት ናት። በሦስተኛ ዓመት ትምህርት መቀየር ማለት የሦስት ዓመት ልፋት አውጥቶ መጣል ማለት ነው። ሰዓቴን ረሳኋት።

ሱቁ ስንገባ አንድ ወጣት ከበርጩማው ብድግ ብሎ ቦታውን ለቀቀልኝ። ሲሞን ይባላል፤ የጎረቤታቸው ልጅ ነው፤ ከነሲባ ጋር በአንድ ክፍል ይማራል፣ የቡድን ሥራም አብረው ይሠራሉ። ጨዋና ትሑት ልጅ ነው። ባለጌ ቢሆን ኖሮ ነገሩ በቀለለኝ።

አቶ ዘይኑዲን ወረቀቱን በባንኮኒው ላይ ዘርግተው እስክሪብቶ ሰጡኝ። እኔ ግን እጄን አልዘረጋሁም።

«ልጅቷ ምን አደረገች? ወደቀች?» አልኳቸው።

«አልወደቀችም፤ ግን ከበዳት። ባለፈው ሳምንት ፕሮጀክት አቅርበው የቡድኑ ልጆች ቢ ሲያገኙ እሷ ብቻ ዲ አገኘች። ከዚያ ወዲህ እህል አልቀመሰችም ብል ይሻላል። እኔስ ምን አውቃለሁ? ሲሞን ግን ያውቃል፤ የወንድ ትምህርት ነው ብሎኛል። ሴት ልጅ ባንክ ቤት ገብታ በሰዓቷ ወጥታ በሰዓቷ ብትገባ ምን ነውር አለው?»

«ባንክ ቤት መሥራት ነውር የለውም። ያልወደዱትን ትምህርት በሰው ቃል መማር ነው ነውሩ» አልኩና ወደ ልጁ ዞርኩ። «እስቲ አንተ ንገረኝ፤ ሴት የማትችለው ምኑን ነው?»

ሲሞን ፈገግ አለ። «ኧረ ቲቸር፣ አትችልም አላልኩም። ኮዱ ሰው ያጨናንቃል። ማታ ኮምፒዩተር ላብራቶሪ ውስጥ ማምሸት አለ፣ ስህተት ሲፈልጉ መዋል አለ። እኛ ደግሞ አልበደልናትም። በቡድን ሥራ ከባዱን ኮድ እኛ እንይዛለን፤ ቀላሉን፣ ፕሮግራሙ ምን እንደሚሠራ የሚያስረዳውን ዶክመንት እሷ ትጽፋለች። ሴቶች ጽሕፈታቸው ንጹሕ ነው፣ ትዕግሥትም አላቸው።»

«ስንት ጊዜ ነው ዶክመንት የጻፈችው?»

«ሁልጊዜ።»

«ሦስት ዓመት ሙሉ?»

«አዎ።»

«ሥራውን እንዲህ ብሎ ያከፋፈለው ማነው?»

«ማንም አላከፋፈለውም» አለ፣ በጥያቄው ተገርሞ። «በሁሉም ቡድን እንዲሁ ነው የሚሆነው።»

ይህችን ቃል አውቃታለሁ። እኔ ራሴ በሒሳብ ክፍል ብቸኛዋ ሴት ሆኜ ስማር፣ ጥቁር ሰሌዳ የማጸዳው ሁልጊዜ እኔ ነበርኩ፤ «ማን አዘዘ?» ሲባል እንዲሁ ነው የሚሆነው ይባል ነበር። አርባ ዓመት ያለፈው ነገር ስልክና ላፕቶፕ ይዞ ተመልሶ ሲመጣ ደሜ ፈላ።

«አንተ ልጅ» አልኩት፣ «የአራዳ ልጅ ነኝ ትላለህ፤ እኔ ግን እንዳንተ ያለ ፋራ አላየሁም! አንድን ሰው ሦስት ዓመት ቁልፍ ሳታስነካው ቆይተህ በር መክፈት አያውቅም ትላለህ? ይህ ምስክርነት ነው ወይስ ስም ማጥፋት?»

ሲሞን ቀላ። አቶ ዘይኑዲን ግን ተከላከሉለት፤ «መምህርት፣ ልጁን አይቆጡት፤ ለእሷ አዝኖ ነው።»

«ያ ነው የሚብሰው! የሚጠላን ሰው እንጠነቀቀዋለን። እንዲህ እያዘነልን ከሥራው የሚያርቀንን ግን አመስግነን እንሸኘዋለን፤ እርስዎም ይኸው ማመልከቻ ሊያጽፉለት ነው።»

ይህን ስል ነሲባ የውጤት ወረቀቷን ፎቶ ኮፒ አስነሥታ ገባች። ስታየኝ ልትስቅ ሞክራ አልሆነላትም። ከስታለች።

«ይተዉት መምህርት» አለች፣ የምንነጋገረውን ከበሩ ሰምታ ኖሮ። «እኔ ነኝ ማመልከቻ ይጻፍልኝ ያልኩት። አልችልም።»

«ፕሮጀክቱን ስታቀርቡ ምን ጠየቁሽ?»

ነሲባ ፎቶ ኮፒዎቹን ባንኮኒው ላይ አኖረች። ሲሞን መለሰላት። «ፕሮጀክታችን የጤና ጣቢያ የሕሙማን መመዝገቢያ ነው። ፈታኙ እኛ ፊት አንድ በሽተኛ መዘገበና የልደት ቀኑን ጳጉሜ ሦስት አለው። ፕሮግራሙ አልቀበልም አለ። እኛ ወሮቹን አሥራ ሁለት ብቻ አድርገን ነበር የጻፍናቸው፤ ረስተነው ነው። ከዚያ ወደ ነሲባ ዞሮ፣ ዶክመንቱን የጻፍሽው አንቺ ነሽ፣ ሞክረሽው ይህን እንዴት ሳታዪ አለፍሽ አላት። መልስ አልሰጠችም። እኛ የቀረውን ኮድ አስረዳን።»

አቶ ዘይኑዲን ከባንኮኒው አንሥተው በጣታቸው ያሽከረክሩት የነበረውን ትንሽ የሰዓት ብሎን ቀስ ብለው አስቀመጡ።

«ጳጉሜ?» አሉ። «ነሲባ እኮ የጳጉሜ ልጅ ናት። ጳጉሜ ሁለት ነው የተወለደችው። እንዴት ትረሳዋለች?»

«አልረሳሁትም አባ» አለች ልጅቷ። «ለዶክመንቱ የፕሮግራሙን ፎቶ ማንሣት ስለነበረብኝ የራሴን ስምና የራሴን ልደት አስገባሁ። ‹ትክክለኛ ቀን ያስገቡ› አለኝ። ደግሜ አስገባሁ፤ ያንኑ አለኝ። ምክንያቱን ፈልጌ አገኘሁትና ሃያ ሦስተኛው ገጽ ላይ ጻፍኩት። ማስተካከያውንም ኮድ ጽፌ በቡድናችን ቴሌግራም ላኩት። ዶክመንቱ ታትሞ ሲመጣ ያ ገጽ የለም።»

«ማን አወጣው?» አልኩ።

ሲሞን አንገቱን ደፍቶ «እኔ ነኝ» አለ። «ድክመታችንን በገዛ እጃችን የምናጋልጥ መሰለኝ።»

«የላከችውን ኮድስ?»

«አልከፈትኩትም ቲቸር። እሷ ኮድ ትጽፋለች ብዬ … አላሰብኩም።»

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ሐኪሜ ይቅር ይበለኝ፤ ከዚህ በኋላ የተናገርኩት ከደረጃው በላይ ባለው ልብስ ሰፊ ቤት ድረስ ተሰምቷል። ስህተቱን ያየችው እሷ! መድኃኒቱን የሠራችው እሷ! የተቀጣችውም ሳታይ አለፈች ተብላ እሷው! ገጹን ቀድዶ የጣለው ቢ ይዞ ሲወጣ፣ ይባስ ብሎ አባቷ ዘንድ መጥቶ የወንድ ትምህርት ነው ብሎ ይመክራል! ሌባ እንኳ ሰርቆ ሲያበቃ የተሰረቀውን ሰው በር መዝጋት አይችልም ብሎ አያማውም።

«አንቺስ» አልኩ ትንፋሼ ሲመለስ፣ «ለምን በፈታኙ ፊት አልተናገርሽም?»

«ገጹ የት አለ ቢሉኝ ምን አሳያለሁ?» አለች። «ደግሞም መምህርት፣ ሦስት ዓመት አንቺ ጻፊ ብቻ ሲሉኝ ቆይተው፣ እኔም ማስተካከያዬ ስህተት ይሆናል ብዬ ነበር።»

ከሁሉ ይህ አሳዘነኝ። የሰው ንቀት ከውጭ ሲሆን ይመከታል፤ እንዲህ ውስጥ ገብቶ የራስ አሳብ መስሎ ሲቀመጥ ግን ማን ያወጣዋል?

አቶ ዘይኑዲን እጃቸውን ዘርግተው አዩ። ከዚያ እየተከዙ እንዲህ አሉ፤

«ከወሎ መጥቼ አንድ አርመን ሰዓት ሠሪ ዘንድ ስቀጠር ሁለት ዓመት መስተዋት አስወለወሉኝ። ሰዓት ከፍቼ አላየሁም። ለደንበኛው ሁሉ ‹ይህ ልጅ እጁ ወፍራም ነው፣ ለሰዓት አይሆንም› ይሉ ነበር። እኔም እጄን እያየሁ ወፍራም ነው እል ነበር። አንድ ቀን ቀብር ሲሄዱ አንዱን ከፍቼ ሠራሁት። ይኸው በዚያ ወፍራም እጅ አምስት ልጅ አሳደግኩ።» ወደ ሴት ልጃቸው ቀና አሉ። «ልጄን መስተዋት ሲያስወለውሏት ሦስት ዓመት ዝም አልኩ። እኔም ከመግሪብ ሶላት በፊት ቤት ግቢ እያልኩ የላብራቶሪው ኮምፒዩተር ነፃ በሚሆንበት ሰዓት አስወጣኋት። ሲሞን ብቻ አይደለም ያጠፋው።»

«ታዲያ ትዛወር ይላሉ?» አልኳቸው።

«ተዉኝ መምህርት፤ ፈራሁ። ዛሬ ይህን ብናሸንፍ ነገ ሌላ ሲሞን ይመጣል። በክፍሏ ከሃምሳ ተማሪ ሴቶቹ ዘጠኝ ናቸው። ዕድሜዋን በሙሉ ስትከራከር ትኑር?»

«አቶ ዘይኑዲን፣ እሷ ብትወጣ ስምንት ይሆናሉ፤ ለእነዚያ ለስምንቱ ደግሞ ክርክሩ ይከብዳል። ይልቅ ሌላውን ያስቡ። ይህ ፕሮግራም ጤና ጣቢያ ገብቶ ቢሆን፣ ጳጉሜ የተወለደ ሕፃን የያዘች እናት መስኮቱ ላይ ቆማ ልጅሽ አይመዘገብም ትባል ነበር። የቡድኑ ጎበዝ ወንዶች ሁሉ ያላዩትን ያየችው እሷ ናት፤ ያየችውም ራሷን ልታስገባ ስለሞከረች ነው። የሆስፒታሉም፣ የቀበሌውም፣ የባንኩም ሥራ ወደ ኮምፒዩተር እየገባ ነው። ያንን የሚጽፉት አንድ ዓይነት ሰዎች ብቻ ከሆኑ፣ የቀረነው ከመስኮቱ ውጭ ቆመን እንቀራለን። የተጎዳችው ነሲባ ብቻ አይደለችም፤ ሲሞንም ራሱ ጥሩ ሥራ ይዞ ሊወጣ ሲችል የተበላሸ ሥራ አቀረበ።»

አቶ ዘይኑዲን ግድግዳው ላይ ወዳሉት ሰዓቶች አዩ። አሥር ሰዓት ሊሆን አምስት ደቂቃ ቀርቶት ነበር። ልጃቸውን «ወደሽ ነው የምትተዪው?» ብለው ጠየቋት። «አይደለም» አለች።

ወረቀቱንና እስክሪብቶውን ከፊቴ አንሥተው ሲሞን ፊት አኖሩት።

«ጻፍ» አሉት።

«እኔ?»

«ዶክመንት ቀላል ነው አላልክም? አቤቱታ ደግሞ ከዶክመንት ያነሰ ነው። የሆነውን ለትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ጻፍ።»

ሲሞን ባንኮኒው ላይ ጎንበስ ብሎ ጻፈ። ሲጨርስ ነሲባ ወሰደችና ቆማ አነበበችው። «‹ሃያ ሦስተኛው ገጽ ሳይካተት ቀርቷል› ነው ያልከው» አለችው። «እንዲሁ አልቀረም። ማን እንዳወጣው ጻፍ።» ከገባች ጀምሮ እንዲያ ጠንክራ ስትናገር የመጀመሪያዋ ነበር። ሲሞን ሰርዞ ስሙን ጻፈ፣ ፈረመ። ሁለቱ የቴሌግራሙን መልእክት ከነቀኑና ከነሰዓቱ አትመው ለማያያዝ አብረው ሮጡ። እኔም ወደ ቤቴ ሄድኩ፤ ሰዓቴን ሳላሠራት።

ትምህርት ክፍሉ ነሲባን ብቻዋን ጠርቶ ኮዱን አስረጂን አላት። አስረዳች፤ ስህተቱንም በፊታቸው አስተካከለች። የእሷ ውጤት ተሻሻለ፣ የሲሞን ዝቅ አለ። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ከዚያ ወዲህ በክፍላቸው የቡድን ሥራ በዕጣ መከፋፈሉ ነው፤ ሁሉም በተራው ኮድ ይጽፋል፣ ሁሉም በተራው ዶክመንት ይጽፋል። አቶ ዘይኑዲን በሳምንት ሁለት ቀን ሱቃቸውን ቀደም ብለው ዘግተው የላብራቶሪው በር ላይ ይጠብቋታል፤ ሌሎች ሦስት ልጃገረዶችም ከእሳቸው ጋር ስለሚመለሱ አሁን ያመሻሉ። ከባድ ነው የተባለው ማምሸት የሚፈልገው ይህንን ያህል ነበር።

ሲሞን በዘንድሮው ዕጣ ዶክመንት ደረሰው። እንዳርምለት ቤቴ ድረስ አመጣው፤ አራት ጊዜ መለስኩበት። በአራተኛው «ቲቸር፣ ይኼ ነገር እኮ ቀላል አይደለም» አለኝ። አውቃለሁ አልኩት።

ሰዓቴን በመጨረሻ ላሠራ በሄድኩ ቀን ነሲባ ላፕቶፕዋን ባንኮኒው ላይ ከፍታ ለአባቷ ፕሮግራሙን ታሳያለች። አባቷ በአንድ ጣታቸው ፊደል እየፈለጉ ስሟን ጻፉ፣ ከዚያ ጳጉሜ ሁለት አሉና ቁልፉን ተጫኑ። «ተመዝግቧል» አለ ፕሮግራሙ። አቶ ዘይኑዲን የሰዓት መሥሪያ ማጉያ መነጽራቸውን ከዓይናቸው አወለቁና እንደገና አነበቡት።