ማማ ንላንዱ ለሰው ያልዘመሩት መዝሙር

ከየመንደሩ ለቅሶ ለመድረስ የመጣችሁ ሁሉ እግዚአብሔር ያክብራችሁ። ዛሬ የምንቀብራቸው ሰው ማን እንደ ነበሩ ሳይዛነፍ ሊነገር ስለሚገባ፣ ታናሽ እህታቸው ሉኮምቦ ይህን ጽፋ ታነባለች። ሥርዓቱ ስለ ሟች ደግ ደጉን ብቻ አንሡ ይላል። የእርሳቸው ደግነት ግን የሌሎቻችንን ፍርሃት ሳያነሡ የሚነገር አይደለምና፣ የሚከፋው ካለ ቀብሩ እስኪያልቅ ይታገሥ።

ማማ ንላንዱ ከአባታቸው ከታታ ንዞላና ከእናታቸው ከማማ ሌምባ፣ በቤልጅጎች ዘመን፣ ከባቡር ሐዲዱ ዳር ባለችው በኪንዞሌ ተወለዱ። የተወለዱት ከመንታ ልጆች ቀጥለው ነበርና፣ በእኛ ዘንድ ከመንታ ለሚቀጥለው ልጅ ስሙ ቀድሞ የታወቀ በመሆኑ ስም ለማውጣት የደከመ ሰው አልነበረም። መንቶቹ በሕፃንነታቸው አልፈው እርሳቸው የቤቱ ታላቅ ሆነው አደጉ። በሚሲዮኑ ትምህርት ቤት እስከ አምስተኛ ክፍል ከተማሩ በኋላ፣ ሴት ልጅ ከዚህ በላይ ካነበበች ባል አታገኝም ተብሎ ትምህርታቸውን ቢያቋርጡም፣ ከሚሲዮኑ ወይዘሮ ዘንድ እየተመላለሱ በእግር መኪና መስፋትን ተማሩ። ድምፃቸውን ግን ያስተማራቸው የለም፤ ገና በወጣትነታቸው የቤተ ክርስቲያናችንን ሴት መዘምራን ለመምራት ተመረጡ።

ለአቅመ ሔዋን ሲደርሱም በጣቢያው ሐዲድ ለዋጭ ሆነው ይሠሩ የነበሩትን ታታ ማያላን አግብተው፣ ማኪየሴ የምትባል ሴት ልጅና ንሲኩ የሚባል ወንድ ልጅ አፈሩ። በባላቸው ደመወዝና በእርሳቸው መርፌ ቤታቸው ሳይጎድልበት ይኖር ነበር።

ነፃነት መጣ፤ ከነፃነትም በኋላ በዋና ከተማው መሪ ተቀመጠ። መሪው በመጀመሪያ ሕዝቡ እንዲያጨበጭብለት ጠየቀ፣ ቀጥሎ እንዲጨፍርለት፣ በመጨረሻም እንዲዘምርለት። ስለ አምባገነኖች የተጻፈው መጽሐፍ ብዙ ነው፤ ስለሚያጨበጭቡላቸው ሰዎች የተጻፈው ግን ጥቂት ነው፣ ምክንያቱም መጽሐፍ የሚገዙት አጨብጫቢዎቹ ናቸው።

መዘምራኑ በየዓመቱ ለእናቶች በዓል አንድ ዓይነት ጨርቅ ገዝተው በማማ ንላንዱ እጅ ያሰፉ ነበር። በአንደኛው ዓመት ግን የወረዳው ኮሚሳር፣ ከትልቁ ወንዝ ላይኛ አገር ተሾሞ የመጣና ቋንቋችንን የማያውቅ ሰው፣ የመሪው ፊት የታተመበትን ጨርቅ በጣቃ በጣቃ አስጭኖ ላከና፣ መዘምራኑ ይህን ለብሰው በጣቢያው አደባባይ እንዲቆሙ፣ «ከአንተ በቀር እረኛ የለንም» የሚለውንም መዝሙር በጌታ ስም ፈንታ የመሪውን ስም አስገብተው እንዲዘምሩ አዘዘ። ፓስተሩ «በአፋችሁ እርሱን ጥሩ፣ በልባችሁ ጌታን አስቡ» ብለው መከሩ። ታታ ማያላም ለእንጀራቸው ፈርተው፣

«አንቺ ሴትዮ፣ ዘፍነሽ ነይና በሰላም እንብላ። እግዜር እንደሆነ ልብሽን ያውቃል» አሏቸው።

«ልቤንስ ያውቃል» አሉ ማማ ንላንዱ። «ጆሮ የለውም ያለህ ማነው?»

ጨርቁን አንለብስም ቢሉ ወታደር በየቤቱ እንደሚገባ ስላወቁ፣ በአንድ ፊቱ ብቻ የታተመ ነበርና፣ የሁሉንም ልብስ ከውስጥ ወደ ውጭ ገልብጠው ሰፉት። በእኛ አገር ሴቶች ልብሳቸውን ገልብጠው የሚለብሱት ሬሳ ከቤት እስኪወጣ እንደሆነ እዚህ ላለው ሰው አይነገረውም። በበዓሉ ቀን መዘምራኑ እንዲህ ሆነው በአደባባዩ ሲሰለፉ የኪንዞሌ ሰው ሁሉ ነገሩ ገባው። ያልገባው ኮሚሳሩ ብቻ ነበር። እንዲያውም ደስ ብሎት ወደ እንግዶቹ ዞረና፣

«አያችሁ የዚህ አገር እናቶችን ፍቅር! የመሪያችንን ፊት ፀሐይ እንዳይመታው ወደ ገላቸው አስጠግተው ለብሰውታል!» አለ።

«እውነት ነው ጌታዬ!» አለ የዘንባባ ጠጅ ሻጩ ታታ ምፉሙ ከሰው መሐል። «ሬሳ ፀሐይ ላይ አይሰጣም!»

አስተርጓሚው ይህን ሳይተረጉም ጉሮሮውን ጠራረገ። ማማ ንላንዱ መዝሙሩን ከነቃሉ፣ ከነጌታ ስም፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አስዘመሩት። ኮሚሳሩ ቋንቋውን ባያውቅም የሚጠብቀው ስም በየትኛውም ቋንቋ ያው ነውና፣ ሳይጠራ መቅረቱን ሰማ። ከዚያ በኋላ የልብሱን ነገር የሚያስረዳው ሰው አላጣም፤ ያስረዳውም ከእኛው መካከል ነበር።

ማማ ንላንዱ ታሰሩ፣ ተገረፉ፤ የስፌት መኪናቸው ተወረሰ፤ ታታ ማያላም ከሐዲዱ ሥራ ተባረሩ። ኮሚሳሩ ቢሮው አስጠርቶ፣

«አንድ ጊዜ፣ እዚሁ እኔ ፊት፣ ስሙን አስገብተሽ ዝፈኚ። ማንም አይሰማሽም። መኪናሽንም የባልሽንም ሥራ እመልሳለሁ» አላቸው።

«ልጄ፣ አንተ ራስህ ነገ ከዚህ ወንበር ላለመነሣትህ ዋስ አለህ? ዋስህን አምጣና ያን ጊዜ እንነጋገር» ብለው መለሱለት። ዋስ አላመጣም፤ ዝናቡ ሳይገባ ተሽሮ ሄደ። የእርሳቸው መኪና ግን አልተመለሰም።

ቀጥሎ የመጣውን ዘመን ማሳመር አይቻልም። ፓስተሩ መንገድ ላይ ሲያዩዋቸው ወደ ማዶ ይሻገሩ ነበር። የተገለበጠውን ልብስ ለብሰው አብረዋቸው የቆሙት መዘምራን እንኳ «አታላናለች» ብለው ፈረሙ። ማኪየሴ ትምህርቷን አቋርጣ ለባቡር መንገደኛ በመስኮት የካሳቫ ዳቦ፣ ኳንጋ፣ እየሸጠች አደገች፤ «እናቴ እኔን በመዝሙር ለወጠችኝ» እያለችም ለብዙ ዘመን ከእናቷ ጋር በቅጡ አልተነጋገረችም። እናቷም በእጅ መርፌ የሰው ልብስ እየጠቀሙ፣ የበላችበትን ሳህን ያጥቡላት ነበር።

በመጨረሻም መሪው ሸሸ፣ ነፃ አውጪ የተባሉትም ገቡ። ያን ጊዜ የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች ፍየል እየሳቡ ወደ ቤታቸው መጡ።

«ማማ፣ ዛሬ ቀንዎ ነው። በአደባባይ መዝሙሩን እርስዎ ይምሩልን» አሉ። «የአሁኑ ደግሞ የኛ ሰው ነው፤ በደልዎን የተበቀለልዎ እርሱ ነው። አንድ ቦታ ላይ ስሙን ቢያስገቡለት ምን አለበት?»

«የፊተኛውም ሲገባ የኛ ሰው ነበር። ያኔ እልል ያለው ማን ሆነና? ይልቅ ፍየሏን ይዛችሁ ሂዱ፣ ጓሮዬን ጨረሰችው።»

ምስጋና ቢስ ተባሉ። ወታደር ያልነጠቃቸውን የመዘምራን መሪነት በዚያው ሳምንት ሽማግሌዎች ነጠቋቸው። እርሳቸውም ከዚያ ወዲያ እስከ ዕለተ ሞታቸው በኋለኛው አግዳሚ ተቀምጠው ዘመሩ፤ ቃሉ ሲለወጥም ዝም ይሉ ነበር። ያን ዝምታ ከፊት የቆመው ሁሉ ይሰማው እንደነበረ ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ።

በኋለኛው ዘመናቸው በስኳር በሽታ ታመሙ፤ እግራቸውም ተቆረጠ። በእግዚአብሔር መታመን መድኃኒት መጣል የሚመስላቸው ሰዎች ሊመክሯቸው ሲመጡ «ሐኪሙ ኪኒን ሰጠኝ እንጂ ስገጂልኝ አላለኝም» እያሉ ይመልሷቸው ነበር። ያስታመመቻቸው ማኪየሴ ናት። ባለፈው ሐሙስ ጠዋት በልጃቸው ክንድ ላይ እንዳሉ ዐረፉ።

ትናንት የክፍለ አገሩ ገዢ መልእክተኛ የአበባ ጉንጉን ይዞ መጣና፣ በመቃብሩ ላይ ንግግር አድርጎ ማማ ንላንዱ የዚህ መንግሥት እናት እንደ ነበሩ ለመናገር ጠየቀ። ሽማግሌዎቹም እንደ ልማዳቸው አንገታቸውን ነቀነቁ። ማኪየሴ ግን ተነሣችና፣

«ወንድሜ፣ ከለቀስተኛው ጋር ወንበር አለህ፣ ምግብም ይቀርብልሃል። ንግግር ግን የለህም» አለችው።

«ኧረ ማኪየሴ፣ መንገድ ሊሠሩልን ነው እኮ!» አሉ አንዱ ሽማግሌ።

«ይሥሩት፤ ግብር ከፍለናል። እናቴን ግን አላከራይም።»

ማማ ንላንዱ ይህችን ሴት ልጃቸውን፣ ወንድ ልጃቸውን ንሲኩን፣ የልጅ ልጆቻቸውንና እህታቸውን ሉኮምቦን ትተው፣ ቀድመዋቸው ወደ ሄዱት ወደ ባለቤታቸው ሄደዋል። በዚህ ቦታ ሲደርሱ ስለ ቀብሩ የረዱትን ባለሥልጣናት በስም ማመስገን የተለመደ ነው። የሚጠራ ስም የለንም።

የማትሻር፣ የማትሸሽ፣ ለምስጋና ወታደር የማትልክ አምላክ ሆይ፣ ባሪያህ ለአንተ ያለችውን ለሌላ ሳትሰጥ እጅህ ገብታለችና ነፍሷን በሰላም አሳርፍ። እኛን የፈራነውንም አስበን።

አሁን ሣጥኑን አንሡ። መዘምራን፣ ከነቃሉ ጀምሩ።