የሐጂ ይማም ኮምፓስ

ደሴ ፒያሳ ስፒከር የሚሸጡት ጎረቤቴ ሐጂ ይማም በቀደም ጠዋት ሱቃቸው አስጠሩኝ። ልጃቸው ከጅዳ በላከላቸው ኮምፓስ ሱቁ ውስጥ ያለውን መስገጃቸውን ቢያዞሩት፣ ባለቤታቸው እትዬ ዘይነባ "ቂብላው በዚህ አይደለም" ብለው አኩርፈዋል። የፊዚክስ አስተማሪ ነኝና ዳኛው እኔ ሆንኩ። ባየው፣ መርፌዋ ቀጥ ብላ የምታሳየው ግድግዳው ሥር የተደረደሩትን ትልልቅ ስፒከሮች ነው። ሳቄን ዋጥ አድርጌ "ሐጂ፣ ስፒከር ውስጡ ማግኔት አለው፤ መርፌዋን እሱ እየሳባት ነው። እስቲ ውጭ እንያት" አልኳቸው። መንገድ ዳር ስንቆም ትንሽ ተወዛወዘችና ወደ ሰሜን ዞራ ረጋች። ከደሴ መካ በሰሜን ነውና እትዬ ዘይነባ ልክ ነበሩ።

ሐጂ ክው አሉ። "ወላሂ፣ ወደ ስፒከር ዞሬ ነዋ ስሰግድ የሰነበትኩት!"

"አብሽር፣ አላህ ልብህን ያውቃል" አሉ እትዬ ዘይነባ፣ ኩርፊያቸውን ረስተው።

በማግስቱ ሳልፍ መስገጃው ወደ ጥንት ቦታው ተመልሷል፤ ስፒከሮቹም ከግድግዳው ተነስተው በሩ ጋ ተከምረዋል።

"መስገጃውን ካስተካከሉ ስፒከሮቹን ምን አስነሳዎት?" አልኳቸው።

ኮምፓሷን ከመደርደሪያው አንስተው በመዳፋቸው ያዟት። "መንገዷን አውቃ የመጣችን እንግዳ" አሉኝ፣ "እኔ ቤት ገብታ ለምን ላሳስታት?"