በሆልማት አካ ሻይ ቤት የተሰበረው ሳንቃ

በማርጊላን ከተማ፣ ከሐር ገበያው ወዲህ፣ በቦዩ ላይ የእንጨት መደብ ዘርግተው ሻይ የሚሸጡ ሆልማት አካ፣ ጋሼ ሆልማት እንደማለት፣ የሚባሉ ሰው ነበሩ። እንግዳ አክባሪ፣ ጨዋታ አዋቂ፣ ግን ግትር ናቸው።

አንድ ማለዳ በሻይ ቤታቸው ለሚደረግ ሠርግ የሩዝ ግብዣ፣ ካሮት በጋሪ አስጭነው ከገበያ ሲመለሱ፣ የቦዩ ድልድይ ላይ የእህታቸው ልጅ ዙልሁሞር ከፊታቸው ድቅን አለች። ዋና ከተማው ታሽከንት ሕግ ተምራ በቅርቡ የተመለሰች ናት።

«እንደምን አደሩ አጎቴ? ከኡስታ ሐምዳም ቤት መምጣቴ ነው። እግራቸው በጀሶ ታስሯል።»

ኡስታ፣ ማለትም ባለሙያ፣ የሚባሉት ሐምዳም ሐር ሸማኔ ናቸው። በቀደም ሻይ ሊጠጡ መጥተው፣ የመደቡ ሳንቃ ተሰብሮ ቦዩ ውስጥ ወድቀው ነበር።

«አላህ ያሽረው! ታዲያ እኔ ገፍቼ ጣልኩት? ሐምዳም እኮ የሚቀመጠው የሁለት ሰው ቦታ ይዞ ነው!»

«ቀልዱን ይተዉ አጎቴ። ሕጉ ገፍተሃል ወይ ብሎ አይጠይቅም። አደጋ እንዳለ ታውቅ ነበር ወይ? ካወቅህ ለምን አላስጠገንህም? እንግዳውንስ ለምን አላስጠነቀቅህም? ነው የሚለው።»

«እሱስ ዓይን የለውም? በአባቴ ጊዜ ስንቱ በየመንገዱ ወድቆ፣ ልብሱን አራግፎ እየሳቀ ሄዷል! እናንተ ተምራችሁ መጣችሁና መውደቅም ክስ ሆነ!»

«ሳንቃው ላይ ምንጣፍ አንጥፈውበት በየት በኩል ይዩት? ግቡ ያሉት እርስዎ፣ ያነጠፉትም እርስዎ። ሰው እርስዎን አምኖ ነው የሚረግጠው።»

«የእንጨት ውስጡ በምን ይታያል? እኔ ምን አውቄ!»

ዙልሁሞር ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ታዲያ ሻይ ይዘው ሲያልፉ ያቺን ሳንቃ ለምን ይዘሏት ነበር?»

እውነቷን ነው። ሳንቃዋ ሲጢጥ ማለት ከጀመረች ወዲህ የሆልማት አካ እግር ራሱ ለይቷት ይዘላት ነበር። ሰው ያየባቸው ግን አልመሰላቸውም። ፊታቸው ፍም መሰለ።

«ለውጫታለሁ እኮ» አሉ፣ እንደ ልማዳቸው ሳይጮኹ።

«ሳንቃዋን ለወጡ። ከሥር የተሸከማትን ግንድስ አዩት?»

በዚህ መሐል ከሻይ ቤቱ በኩል ከበሮና መለከት አስተጋባ። ሠርገኛው ቀድሟቸው ገብቷል! ሆልማት አካ ጋሪውን እዚያው ጥለው፣ ቆባቸውን ጨብጠው እንደ ጎረምሳ ሮጡ።

«ውረዱ! ሁላችሁም ከመደቡ ውረዱ!»

«ምነው አካ፣ ሩዙ አረረ እንዴ?» አለ አንዱ ቀልደኛ።

የሙሽራው አባት ተቆጡ። «በልጄ ሠርግ ልታዋርደኝ ነው?»

«ልጅህን ከምቀብር ባዋርድህ ይሻላል! ግንዱ አያስተማምንም፤ ጥፋቱ የኔ ነው፤ ውረዱ!»

ግማሹ እየሳቀ፣ ግማሹ እያጉረመረመ ወረደ። ከበሮ መቺው በመጨረሻ ዘሎ መሬት ሲረግጥ መካከለኛው ግንድ ጓ አለ! ምንጣፉ፣ ዳቦው፣ የሻይ ማንቆርቆሪያው ሁሉ ተግተልትሎ ቦዩ ውስጥ ገባ። ከዚያ ግቢው በእልልታ ተናወጠ፤ የሙሽራው አባትም ሆልማት አካ አንገት ላይ ተጠምጥመው አለቀሱ። ግብዣው በቦዩ ዳር ባሉት ዛፎች ሥር፣ በደረቅ መሬት ላይ፣ በደስታ ተበላ።

ከሰዓት በኋላ ሆልማት አካ ትኩስ ሩዝ ይዘው ኡስታ ሐምዳም አልጋ አጠገብ ተቀመጡ።

«ሳንቃዋ እንደላላች አውቅ ነበር ሐምዳም። እስክትሽር ሕክምናህም የቤትህ ቀለብም በኔ ነው። ይቅር በለኝ።»

«እኔ ደግሞ ‹ወፍሮ ነው የሰበረው› ማለትህን ከሰው ሰምቼ፣ ልከስህ ነበር!» አሉ ኡስታ ሐምዳም። ሁለቱም እስኪያስላቸው ሳቁ።

አንባቢ ሆይ፣ ከዚህ የተገኘውን ጥቅም ተመልከት። ዛሬ መደቡ በብረት ምሰሶ ቆሟል፤ ዙሪያውን መከታ አለው። ድሮ ውሃውን ፈርተው የማይመጡ እናቶች አሁን ልጆቻቸውን ይዘው ይመጣሉ። ባለቤቱም ሰው ስቆ መደቡን ባነቃነቀ ቁጥር ልባቸው አይደነግጥም። እንዲያውም የጎረቤቱን ደረጃና ጉድጓድ ሁሉ እየዞሩ የሚመረምሩት እሳቸው ሆነዋል።

ባለፈው የጎረቤታቸውን የዳቦ ጋጋሪ የላላ ደረጃ ሲነቀንቁ፣ ጋጋሪው ሰልችቶት፣ «አካ፣ እኔ ቤት እኮ ማንም ወድቆ አያውቅም» አላቸው።

«እኔም ቤት» አሉት፣ «ሐምዳም እስኪወድቅ ድረስ ማንም ወድቆ አያውቅም ነበር።»

ጋጋሪው መዶሻ ሊያመጣ ወደ ውስጥ ገባ።