ብርድ የማይፈራው ኪዊ

ቤቶች! … ፀደንያ፣ አለሽ? አይ፣ አትነሺ የኔ ዓለም፣ ካውያው በእጅሽ ነው። እኔ ከዚችው ከአልጋው ጫፍ አረፍ እላለሁ። የደብረ ብርሃን ብርድ ደግሞ ዘንድሮ ምን ነካው? ገና በጥቅምት እንዲህ ከሆነ በኅዳር ምን ሊያደርገን ነው? … እግሬ አልቋል። አክስትሽ ዛሬ እንደ ባለሥልጣን ጉብኝት ስትጎበኝ ነው የዋለችው። አዎ፣ እኔ አመተ ማርያም! የቄስ ሚስት እርሻ አትጎበኝም ያለሽ ማን ነው? ሚኒባሱ እስከዚህ የሚመጣ ስለሆነ፣ በዚያው ልጄን አይቻት ልመለስ ብዬ ነው።

ቆይ፣ መጀመሪያ ቀሚሱን ልየው። ይኼ ነው የእሁዱ? … ያምራል። ጥለቱ ፈካ ያለ ነው፣ ፊትሽን ያወጣዋል። እናትሽ ደውላ «እሁድ ለፀደንያ ሽማግሌ ይመጣል፣ እንዳትቀሪ» ስትለኝ እልል ነው ያልኩት። ከማን ቤት ነው የሚመጡት ብዬ እንኳ አልጠየቅኳትም። ምን አገባኝ? አንቺ ከወደድሽው እኔም ወደድኩት ማለት ነው። «በአንኮበር መንገድ ዘመናዊ እርሻ ያለው ልጅ ነው» ብቻ ብላኛለች። በአንኮበር መንገድ ደግሞ ዘመናዊ እርሻ ስንት አለ! … ስንት ይሆን? አንድ ነው ሁለት? እኔ እንጃ፣ ቆጥሬ አላውቅም።

እና የአትክልት ማኅበራችን ሴቶች በአንድ ሚኒባስ ታጭቀን ሄድን። የወሰደን ባለሙያው ተስፋሚካኤል ነው፤ ያ መነጽር የሚያደርገው፣ ችግኝ እንደ አራስ ልጅ የሚያቅፈው። ከአሊዩ አምባ ኩብራም መጥታልን ነበር፣ ፍራፍሬ ነጋዴዋ። ኪዊ የሚባለውን ነገር ልናይ ነው፣ ያውም ብርድ የሚችለውን። ተስፋሚካኤል ራሱ ከአራት ዓመት በፊት ችግኙን አምጥቶ ለአንድ ሰው ሰጥቶት ኖሮ፣ ዘንድሮ አፈራ ተባለ። መንገድ ላይ አስተማረን። «ሱቅ ከምታዩት ከትልቁ፣ ከፀጉራሙ ጋር እንዳታምታቱት» አለን። «ይኼኛው ውርጭ ይችላል። ፍሬው ግን ትንሽ ነው፣ የአውራ ጣት ጫፍ ቢያክል ነው። ልሙጥ ነው፣ ፀጉር የለውም፣ ከነልጣጩ ይበላል።» ፍሬው ደህና ሆኖ ከተገኘ ለማኅበራችንም ችግኝ ሊሰጠን ነው። ውርጭ በየዓመቱ ባቄላችንን እየጠበሰ ለሚያስለቅሰን ለእኛ ይኼ ቀላል ነገር ነው?

ደረስን። የእርሻው ባለቤት… ስሙን ዘነጋሁት፣ ዕድሜ ነው እንግዲህ… ግን ምን ዓይነት ጨዋ ልጅ መሰለሽ! እስከ በሩ ወጥቶ፣ ጎንበስ ብሎ ነው የተቀበለን። ጫማው ያበራል። ቄሱ ቤተ ክርስቲያን ደርሰው ሲመለሱ እንኳ ጭቃቸው እስከ ጉልበት ነው፤ ይኼ ልጅ አራት ዓመት ሙሉ እርሻ ላይ ሲውል ጠብታ ጭቃ አልነካውም። «ሁሉንም በእጄ ነው የተከልኩት» አለን። እጁን ጨበጥኩት፤ ጥጥ ነው። ጓንት ያደርጋል መሰለኝ። እንዲህ ራሱን የሚጠብቅ ወንድ የምታገባ ሴት… ማንም ትሁን ማን… ታድላ!

ንግግሩ ደግሞ! ሲናገር ወረቀት አያይም። ኪዊውን በአውሮፕላን ጭኖ ወደ ውጭ እንደሚልክ፣ ሆቴል እንደሚሠራ፣ ፈረንጆች ሊያዩት እንደሚመጡ ሁሉንም ነገረን። ከእኛ መካከል አንዷ፣ «ሐረጉ የሚገረዘው በየትኛው ወር ነው?» ብላ ጠየቀችው። እንዲያው የገበሬ ጥያቄ። «እንደ አየሩ ነው» አላት። «ውሃስ በስንት ቀን ይጠጣል?» አለችው። «እንደ አየሩ» አላት። አየሽ፣ ዕውቀት ሲበዛ መልሱ አጭር ይሆናል።

ከዚያ ወደ ሐረጉ አስገባን። እንዴት ያለ ሐረግ ነው! በአጣናው ላይ ተስቦ ዳስ ሠርቷል። ቀና ብንል… ኪዊው! ፀጉራም፣ ድንች ድንች የሚያክል። እኩል እኩል ርቀት ላይ ተንጠልጥሏል፣ እንደ ሠርግ ቤት አምፖል። ከአንዱ እስከ አንዱ አንድ ክንድ፤ አይበልጥ፣ አያንስ። ይቅር ይበለኝና፣ እግዚአብሔር እንኳ ሲያበቅል እንዲህ አስተካክሎ አያውቅም። ተስፋሚካኤል መነጽሩን አወለቀ፣ ጠረገው፣ መልሶ አደረገው። ኩብራ ናት ጠጋ ብላ አንዱን በእጇ ደገፍ ያደረገችው። «ማሻአላህ!» አለች። «ክሩንም አብሮ ነው ያበቀለው!»

እውነትም ነጭ የልብስ ክር። … አንደኛው ላይማ የሱቁ ምልክት እንደተለጠፈበት ነው፣ ያቺ ክብ፣ ትንሽዋ ወረቀት። ያ ሁሉ ሴት መሬት መሬቱን ማየት ጀመረ። ሌላ ሰው ቢሆን መግቢያ ይጠፋው ነበር። እሱ ግን ምን እንዳለ ታውቂያለሽ? «ዝርያው ነው» አለ። ፊቱ እንኳ አልቀላም! እኔ አደነቅኩት። መልስ የማያጣ ሰው እኮ ቤቱ ጭቅጭቅ አይገባም። ሚስቱ የምትጠይቀው ነገር ገና ከአፏ ሳይወጣ መልሱ ተዘጋጅቶ ይጠብቃታል። … ካለችው ነው እንግዲህ። ሚስት ይኑረው፣ አይኑረው እኔ ምን አውቄ?

አትሳቂ፣ እውነቴን ነው። አልፈረድኩበትም። እንግዳ ሲመጣ የሌለንን መበደር የትም ያለ ነው። እኔም ለቄሱ እንግዶች የጎረቤት ብርጭቆ አውጥቼ አውቃለሁ። … እርግጥ ብርጭቆውን የሠራሁት እኔ ነኝ አላልኩም።

ከሐረጎቹ ሥር ደግሞ ሌላ ነገር አየን። ግንዱ ሁሉ ውርጭ እንዳይነካው በባና ተጠቅልሏል፣ በዚያ ሌሊት በምንለብሰው በወፍራሙ የመንዝ ባና። ባናው ተቀዶ፣ ተጠቅልሎ፣ ዙሪያውን በመርፌ ተሰፍቷል፤ ስፌቱም እናቶቻችን የሚሰፉት ዓይነት ነው፣ ጥቅጥቅ ያለ፣ የማይላቀቅ። «ይኼን ማን ሠራው?» አልን። «እኔ ነኝ፣ ከስልክ ላይ አይቼ» አለ። ስልክ እንዲህ ያለ ስፌት እንደሚያስተምር አላውቅም ነበር። … እንግዲህ የቀሚስሽ ቁልፍ ቢበጠስ አትጨነቂም ማለት ነው። ማለቴ፣ እንዲህ ያለ ሰው ብታገኚ።

ያን ጊዜ አንዲት ሴትዮ በጓሮ በኩል ብቅ አለች። ለእኛ የእጅ መታጠቢያ ውሃ በጀሪካን አዝላ፣ ጎብጣ፣ ነጠላዋን እስከ ዐይኗ ሸፍና። ኩብራ ደነገጠች። «እኚህ እናት ማን ናቸው? እናግዛቸው እንጂ!» አለች። እሱም፣ «ሠራተኛችን ናቸው» አለ። … አየሽልኝ? አቃሎ አልጠራትም፤ አንቱ ብሎ ነው የጠራት። አስተዳደግ ማለት ይኼ ነው! «ከእኛ ጋር ብዙ ዓመት ሆኗቸዋል» ብሎም ጨመረ። አልዋሸም፣ እንዳትፈርጂበት። ብዙ ዓመት ሆኗታል። በመጪው ጥር ከእሱ ጋር ሠላሳ አንድ ዓመት ይሞላታል። ምጡ ሲይዛት ወገቧን የደገፍኩት፣ ይኼንኑ ልጅ ተቀብዬ በነጠላዬ የጠቀለልኩት፣ ገንፎውን ያገነፋሁት እኔ ስለሆንኩ ነው ዓመቱን የማልስተው።

ኧረ ካውያውን አንሺው! … ቀሚሱ! … እፎይ፣ ተረፈ። ጠቆር ያለችው ቦታ በነጠላ ትሸፈናለች፣ ማንም አያያትም። እጅሽን አቃጠለሽ እንዴ? … አይ፣ እንዲያው ፊትሽ ልክ አልመስል ብሎኝ ነው።

እኔ መቼም አፌን አልከፈትኩም። የሰው ቤት ነዋ! ሌሎቹ ሻይ ሲጠጡ ወደ ጓሮ ዞር አልኩ። ከበጎቹ መካከል ተቀምጣለች። አጠገቧ ባልዲ አለ፤ ባልዲው ውስጥ አረንጓዴ፣ ልሙጥ ልሙጥ፣ የአውራ ጣት ጫፍ የሚያክል ፍሬ ሞልቷል። እየዘገነች ለበጎቹ ትሰጣለች። «አንቺ፣ ይኼ ምንድን ነው?» አልኳት። «የሐረጉ ነው፤ በሽታ መትቶት ነው ሳያድግ የቀረው አለኝ። እንግዳ አይቶበት እንዳያፍር ትናንት አራግፌለት ነው» አለችኝ። … አንድ ፍሬ ከነልጣጩ ቀመስኩ። ማር ነው፣ ፀደንያ! ተስፋሚካኤል ሊያሳየን የወሰደን ፍሬ ይኸው ነበር። አራት ዓመት ተጠብቆ፣ ውርጩን ችሎ አፍርቶ፣ ትንሽ ስለሆነ ታፈረበትና ለበግ ተሰጠ። የሱቁ ደግሞ ተገዝቶ ተሰቀለ። ባለቤቱ ዐይኑ ትልቅ ነገር ብቻ ነው የሚያየው፤ ምን ያድርግ?

«ባናውስ የማን ነው?» አልኳት። «የኔ ነዋ። ሐረጉ ገና ልጅ ነው፣ እኔ እንደሁ ብርዱን ለምጄዋለሁ» አለች። «ምነው ታዲያ መጥተሽ ከእኛ ጋር አትቀመጪም?» ብላት ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? «ብርድ እንዳይመታሽ ከጓሮ አትውጪ ብሎኝ ነው። ይሳሳልኛል።» … እኩለ ቀን ነበር። ፀሐዩ አናት ይበሳ ነበር። እንዲህ ለሰው ብርድ የሚጨነቅ ልጅ ዛሬ ከየት ይገኛል? ውሃው ሲያልቅበት ብቻ ነው ብርዱን የሚረሳው።

ከዚያ እጄን ያዘችኝና አንድ ነገር ጠየቀችኝ። «እንግዶቹ ወደዱለት?» … ሌላ ምንም አላለችም። ስለ ራሷ አንዲት ቃል የለ። «በጣም ወደዱለት» አልኳት። ዋሸሁ፤ ለነፍስ አባቴ እናገራለሁ። በሌላው ሁሉ ስቄ ይሆናል፣ እዚያ ጋ ግን አዘንኩ። ይኼን ከአንቺ አልደብቅም።

ከፍሬው ጥቂት በነጠላዬ ጫፍ ቋጥሬ ነበርና መኪና ውስጥ ለተስፋሚካኤል ሰጠሁት። አንዱን ጎረሰ፣ ዐይኑን ጨፈነ፣ «ይኼው! ይኼው ነው!» ብሎ ጮኸ። «ማን ነው ያሳደገው?» አለኝ። ምን ልበለው? ባለቤቱ ከተናገረው ውጪ መናገር አይገባኝም። «ሠራተኛቸው ናት» አልኩት። በሚቀጥለው ሳምንት ተመልሶ ሊያነጋግራት ነው፤ ለማኅበራችንም እሷ ታስተምራለች ብሏል። … ለአንዲት ሠራተኛ ትልቅ ዕድል ነው፣ አይደል?

ይኼ ሁሉ ግን የእርሻ ወሬ ነው፤ ከአንቺ እሁድ ጋር ምን አገናኘው? ሐሜት እንደሆነ አልወድም። የሰው ስም ሳነሳ ሰምተሻል? አልሰማሽም። እሁድ በጠዋት እመጣለሁ፣ ወጡን እኔ ነኝ የምሠራው። ሽማግሌዎቹ ስለ ልጁ ብዙ ይናገራሉ፣ ትምህርቱን፣ ሀብቱን፣ ዘሩን። አንቺ ዐይንሽን ሰበር አድርገሽ ስሚ። «እናቱስ እንዴት ናቸው?» ብለሽ እንዳትጠይቂ ብቻ። ነውር ነው። በዚህ ብርድ እናቱን የሚያወጣ ማን አለ?

… በይ፣ የመጨረሻው መኪና ሳያመልጠኝ ልነሳ፤ ቄሱም ይጠብቁኛል። ኧረ ሳልመርቅሽማ አልሄድም! እጅሽን ወዲህ አምጪው። አሜን በይ እንግዲህ፣ ከልብሽ በይ። እመቤቴ የልብሽን ታድርስልሽ። የወደድሽውን ሰው ለአንቺ ታድርገው። ወልደሽ ሳሚ፤ ወንዶች ልጆች ይስጥሽ፣ አንድ ሁለት ሳይሆን ቤት ሙሉ። አንቺ ደክመሽ፣ አጎንብሰሽ ታሳድጊያቸው፤ እነሱም አድገው፣ ትልቅ ሰው ሆነው፣ ለአንቺ ለእናታቸው ቁርጥ አባታቸውን ይሁኑልሽ።