የሐጂ በሬዎች ተከትበዋል

በኮሮና ጊዜ ነገሌ ውስጥ ቤት ለቤት እየዞርኩ ስከትብ የገጠመኝን ልንገራችሁ። አንድ የከብት ነጋዴ ሐጂ ደጃፍ ስደርስ ከጎረቤታቸው ጋር ይጨቃጨቃሉ። ጎረቤትየው የገዛውን በሬ እሳቸው በረት ላሳድር ብሎ ለምኗቸው ነው። እሳቸው በሩ ላይ ቆመው፣ "የሳንባ ክትባት ያልወሰደ ከብት እዚህ አይገባም። የአንዱ ሳል መንጋውን ይጨርሳል" ይሉታል።

ሥራዬን ሠሩልኝ ብዬ የክትባት ሳጥኔን ከፈትኩ። "ሐጂ፣ እኔም የመጣሁት ለዚሁ ነው። አንቱ ከተከተቡ በሽታው ወደ ቤተሰቡ የመዛመት ዕድሉ ይቀንሳል" አልኳቸው።

"አንቺ ልጅ፣ እኔን ከከብት ጋር ታወዳድሪያለሽ?" ብለው ተቆጡ። "ከብት አፉን አይሸፍን፣ ራቅ በል ቢሉት አይሰማ፤ ለዚህ ነው የሚከተበው። ሰው ግን አእምሮ አለው፣ ይጠነቀቃል።"

ይህን እንዳሉ ሳል ያዛቸው። መዳፋቸው ውስጥ ደህና አድርገው ሳሉና፣ "በይ ናጋቲ" ብለው ያንኑ እጅ ለስንብት ዘረጉልኝ።

እጄን ነጠላዬ ውስጥ ደብቄ ወጣሁ። የተባረረው በሬ አሁንም ደጅ ቆሟል፤ እዚያ በቆየሁበት ጊዜ ሁሉ አንዴም አልሳለም።