የገነት ፎቶ ከቆጵሮስ

ለሥልጠና ቆጵሮስ ሄጄ ነበር። በመጨረሻው ቀን ባሕሩ አጠገብ ያለውን የጥንት ከተማ ፍርስራሽ ሊያስጎበኙን ወሰዱን። እዚያ ቆሜ በስልክ ሳወራ፣ ነጭ አሮጊት በዊልቸር የምትገፋ አንዲት ልጅ ቀረብ ብላ፣ «ይቅርታ፣ አማርኛሽን ሰምቼ ነው። የየት ሰፈር ልጅ ነሽ?» አለችኝ። ቤቴል ስላት ሳቀች፤ እሷ እዚያው አጠገብ የዓለም ባንክ ሰፈር ልጅ ናት፣ ስሟ ገነት። አሮጊቷን መንከባከብ ከጀመረች ስድስት ዓመት ሆኗታል። «እማዬ ግን ሆቴል ውስጥ እንግዳ ተቀባይ የሆንኩ ነው የሚመስላት» አለችኝ። ከዚያ አሮጊቷን ጥላ ሥር አቁማ፣ ሽርጧን አወለቀችና ለባሕሩ ጀርባዋን ሰጥታ ቆመች። «አንሺኝና አሳጥበሽ ለእማዬ ስጫት። ሥራዬን ከጠየቀችሽ ግን እንዳትነግሪያት።» እሺ አልኳት።

እንደተመለስኩ ፎቶውን ይዤ እናቷ ቤት ሄድኩ። እናትየው ደጋግመው አዩትና «ከስታለች» አሉ። ከዚያ፣ «አሮጊቷስ ደህና ናት?» አሉኝ።

«የቷ አሮጊት?» አልኩ፣ እንዳላወቀ ሰው።

«የምትጠብቃት ናታ። የጎረቤታችን ልጅ እዚያው አገር ናት፤ ድሮ ነግራኛለች።»

«ታዲያ ለምን ማወቅዎን አይነግሯትም?»

«ራሷ እስክትነግረኝ እየጠበቅኩ ነው። እስከዚያ እንግዳ ተቀባይ ናት።»

በማግስቱ ገነት ደወለች። «ሥራዬን ጠየቀችሽ?»

«አልጠየቁኝም» አልኳት። እውነቴን ነበር።